«የተለመደ ነገር ነው» ይባልበት የነበረ ከተማ፦ የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሞንትጎመሪ ከዲሴምበር 5 ቀን 1955 ጀምሮ ለ381 ቀናት ጥቁር ነዋሪዎች በከተማው አውቶቡስ አልተሳፈሩም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በአጭሩ ነው፦ የደከማቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ከመቀመጫዬ አልነሳም አሉ፣ አንድ ወጣት ሰባኪ ተናገሩ፣ ሕዝቡም ተነሣ። እንዲህ ሲነገር ለጆሮ ያምራል። ሆኖም በደልን ተላምዶ ለሚኖር ሰው «ጀግና እስኪመጣላችሁ ጠብቁ» ከማለት ያለፈ ነገር አይሰጠውም።

እኔ ጉዳዩን የምመለከተው ከሌላ ጥያቄ ተነሥቼ ነው፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል አንገቱን ደፍቶ ከኋላ በር ሲገባ የኖረ ሕዝብ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ እንዴት በአንድነት መራመድ ቻለ? ሰዎቹን በስም አልጠራም። የሁለቱ ስም በዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ ያ ስም በተጠራ ቁጥር የቀሩት አርባና ሃምሳ ሺህ ሰዎች ከዓይን ይሰወራሉ፤ ከጉዳዩ የምንማረው ደግሞ በአብዛኛው ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ዳራ

ሞንትጎመሪ በ1861 ከአሜሪካ ኅብረት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች የመጀመሪያ ዋና ከተማ ነበረች። በ1950 በተደረገው ቆጠራ ከ106,000 በላይ ነዋሪ የነበራት ሲሆን፣ ከአሥር ሰው አራቱ ያህል ጥቁር ነበር። ለደመወዝ ከሚሠሩት ጥቁር ሴቶች አብዛኞቹ በነጮች ቤት የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚያጥቡና ልጅ የሚያሳድጉ ነበሩ። መኪና መግዛት ስለማይችሉና የሚሠሩበት ሰፈር ከሚኖሩበት ስለሚርቅ አውቶቡስ ለእነሱ የዕለት እንጀራ መንገድ ነበር። ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ከአራቱ ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ኩባንያው የሚኖረው በእነሱ ሳንቲም ነበር ማለት ነው።

የአውቶቡሱ ሥርዓት የሚከተለውን ይመስል ነበር። ከ36 መቀመጫዎች የፊተኞቹ 10 ለነጮች የተያዙ ናቸው፤ አንድም ነጭ ባይኖር እንኳ ጥቁር አይቀመጥባቸውም። የኋለኞቹ 10 በልማድ ለጥቁሮች የተተዉ ሲሆኑ፣ የመካከሉ 16 ደግሞ በሾፌሩ ፈቃድ የሚወሰኑ ናቸው። ነጭ ተሳፋሪ ሲገባና ቦታ ሲያጣ ሾፌሩ የአንድ ረድፍ ጥቁሮችን በሙሉ ያስነሣል፤ ምክንያቱም ጥቁርና ነጭ በአንድ ረድፍ መቀመጥ አይፈቀድላቸውም። ጥቁር ተሳፋሪ በፊተኛው በር ገብቶ ሂሳቡን ይከፍልና ወርዶ በኋለኛው በር እንዲገባ ይታዘዛል፤ አንዳንድ ሾፌሮች ሰውየው ከፍሎ ወደ ኋላ በር ሲሄድ ጥለውት ይነዱ ነበር። በከተማው ደንብ መሠረት ሾፌሮች የመቀመጫውን ሥርዓት ለማስከበር የፖሊስ ሥልጣን ነበራቸው፤ ስለዚህ ከሾፌር ጋር መከራከር ከሕግ ጋር እንደ መከራከር ይቆጠር ነበር።

አንድ ብዙ የማይነገር ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። የመቀመጫው መለያየት በከተማዋ በደንብ የተደነገገው በ1900 ሲሆን፣ የያኔዎቹ ጥቁሮች በከተማ ባቡር ላይ አድማ መትተው ነበር። በዚያም ምክንያት ሌላ ክፍት ቦታ ከሌለ ማንም ሰው ከመቀመጫው እንዲነሣ አይገደድም የሚል ሐሳብ በደንቡ ላይ ተጨመረ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሾፌሮቹ ሰው ሲያስነሡ የሚፈጽሙት ከራሱ ከደንቡ የባሰ በደል ነበር። የልጅ ልጆቹ ግን አያቶቻቸው አድማ መትተው እንደነበርም ሆነ ያገኙትን ነገር አያስታውሱም ነበር። መላመድ መጀመሪያ የሚበላው የማስታወስ ችሎታን ነው ብዬ የማምነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ችግሩ፦ ከበደሉ ይልቅ መላመዱ

በ1949 መጨረሻ በከተማው የጥቁሮች ኮሌጅ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ለበዓል ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ባዶ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። መምህርቷ ወደ ከተማው ገና መምጣታቸው ስለነበር ሳያስተውሉ ከፊት ተቀመጡ፤ ሾፌሩም ሊመታቸው እጁን አንሥቶ ጮኸባቸው። እያለቀሱ ወረዱ። የደረሰባቸውን ለባልንጀሮቻቸው ሲነግሩ የሰሙት መልስ ግን ከስድቡ የበለጠ ገረማቸው፤ ይህ በሞንትጎመሪ የተለመደ ነገር ነው አሏቸው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል፣ ማንም ግን ለማንም አልተናገረም።

በዚህ ከተማ ሁለት ዓይነት ዝምታ ነበር፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ መድኃኒታቸውም ስለሚለያይ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የድሀው ዝምታ ነው። ልብስ አጣቢዋና ምግብ አብሳይዋ በደሉን ተቀብለውት አልነበረም፤ ቤት ገብተው በር ሲዘጉ ይራገሙ ነበር። ነገር ግን አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ብትቃወም ምን እንደሚደርስባት ጠንቅቃ ታውቃለች፦ ትታሰራለች፣ ትቀጣለች፣ አሠሪዋ ትሰማለች፣ ሥራዋን ታጣለች። የምታገኘው ጥቅም ግን የለም፤ ማግስቱን ሌላ ሰው በዚያው መቀመጫ ከኋላ ተቀምጦ ይሄዳል። ዝምታዋ ከስሌት የመጣ ነበር። ስሌቱም ብቻዋን እስከሆነች ድረስ ትክክል ነበር፤ ይህን ሳያምኑ ሕዝብን «ፈሪ» ብሎ መውቀስ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው የተማረውና የኑሮ ደረጃው ሻል ያለው ሰው ዝምታ ነው። መምህራኑ ደመወዛቸው ከግዛቲቱ መንግሥት ካዝና የሚወጣ ነው። የራሳቸው መኪና ያላቸው ሰዎች አውቶቡስ ላይ የሚሆነውን አያዩም። ቀሳውስቱ መካከል ሥራችን ነፍስ ማዳን እንጂ የከተማ አስተዳደር አይደለም የሚሉ ብዙ ነበሩ። ማኅበራቱም ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም እያንዳንዱ በራሱ መሪ ዙሪያ የቆመ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚያናንቅ ነበር። ይህኛውን ዝምታ ፍርሃት ብቻ አይገልጸውም፤ ትንሽ ምቾትና «እኔን ምን አገባኝ» የሚል ስሜት አለበት። እኔ እንደምፈርደው ከመጀመሪያው ይልቅ ለመስበር የሚያስቸግረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ራሱን በጥበብና በትዕግሥት ስም ይጠራል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ዝግጅቱ የተጀመረው ከአድማው ዓመታት በፊት ነው። በ1946 የጥቁር ሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት በከተማው ተቋቁሞ ነበር፤ አባላቱ በአብዛኛው መምህራን ናቸው። ከላይ የተጠቀሱት መምህርት የዚህ ምክር ቤት መሪ ከሆኑ በኋላ የአውቶቡስ አቤቱታዎችን ማሰባሰብና የከተማውን ሹማምንት ማነጋገር ያዙ። አቤቱታዎቹ ሲከማቹ አንድ ነገር ሆነ፤ እያንዳንዱ ሰው የግል ውርደቴ ነው ብሎ የደበቀው ጉዳይ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኖ በወረቀት ላይ ታየ። ምክር ቤቱ ያገኘው ውጤት ትንሽ ነበር፤ በነጮች ሰፈር እንደሚደረገው ሁሉ አውቶቡስ በጥቁሮች ሰፈርም በየማእዘኑ እንዲቆም ተደረገ። ስለ መቀመጫው ግን ምንም አልተለወጠም።

በሜይ 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ዘርን መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ በወሰነ በአራተኛው ቀን መምህርቷ ለከንቲባው ደብዳቤ ጻፉ። ቋንቋው ጨዋ ነው፤ ይዘቱ ግን ግልጽ ነበር። ከተሳፋሪው አራት እጅ ሦስቱ ጥቁር መሆኑን አስታውሰው፣ ከ25 በላይ የሚሆኑ የአካባቢው ማኅበራት ስለ አድማ እየተነጋገሩ መሆናቸውን ገለጹ። ያንን ስሌት፣ የአውቶቡስ ኩባንያው የሚተዳደረው በተበዳዮቹ ገንዘብ ነው የሚለውን፣ በወረቀት ላይ ያሰፈሩት አድማው ሊጀመር አንድ ዓመት ተኩል ሲቀረው ነው።

በማርች 2 ቀን 1955 አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከመቀመጫዋ አልነሣም ብላ በፖሊስ ተጎትታ ወረደች። የማኅበረሰቡ መሪዎች ጉዳይዋን ለፍርድ ቤት ክርክር መያዝ አለብን ወይስ የለብንም ብለው መከሩና ትተውት አለፉ። በኦክቶበር የ18 ዓመት ልጅ በተመሳሳይ ምክንያት ታሰረች፤ አባቷ ቅጣቱን ከፈሉና ነገሩ እዚያው ቀረ። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

ዲሴምበር 1፣ ሐሙስ ማታ፣ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ የሚሠሩ የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ ታሰሩ። ሾፌሩ አራት ጥቁር ተሳፋሪዎችን ተነሡ ሲል ሦስቱ ተነሡ፣ እሳቸው ቀሩ። እኚህ ሴት በአጋጣሚ የተገኙ ደካማ ሠራተኛ አልነበሩም። ለዓመታት የከተማው የጥቁሮች መብት ማኅበር ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል፤ በዚያው ዓመት በጋ በቴኔሲ ግዛት በሚገኝ የማኅበራዊ ትግል ማሠልጠኛ ቆይተዋል፤ ከ12 ዓመት በፊት በ1943 ደግሞ ይኸው ራሱ ሾፌር ከአውቶቡስ አስወርዷቸው ነበር። ያንኑ ሾፌር ዳግም ማግኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ ምን እንደሚያደርጉ ማወቃቸው ግን አጋጣሚ አይደለም።

ዜናውን የሰሙት መምህርት ያንኑ ሌሊት ወደ ኮሌጁ ሄዱ። ከአንድ የሥራ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሆነው በወረቀት ማባዣ ማሽን በአስር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ጽሑፍ ሲያባዙ አደሩ። በማግስቱ ጽሑፉ በየትምህርት ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየመጠጥ ቤቱና በየፋብሪካው ታደለ። ልብ ሊባል የሚገባው ጽሑፉ የጠየቀው ነገር መጠን ነው፤ ሰኞ ቀን ብቻ አውቶቡስ አትሳፈሩ አለ። ፍትሕ እስኪመጣ ታገሉም፣ ሥርዓቱን አፍርሱም አላለም። የአንድ ቀን አድማ ልብስ አጣቢዋ ልትከፍለው የምትችለው ዋጋ ነበር።

የተቃዋሚው ወገን ሳያስበው ረዳ። የከተማው ጋዜጣ የአድማውን ወሬ እሑድ በመጀመሪያ ገጹ ሲያወጣው በራሪው ያልደረሰው ሰው ሁሉ አወቀ። ፖሊስ ደግሞ መሳፈር የሚፈልጉትን ጥቁሮች ከአስፈራሪዎች ለመጠበቅ አውቶቡሶቹን በሞተር ሳይክል እንደሚያጅብ ስለተናገረ፣ ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ተከትሎት የሚመጣ አውቶቡስ ያየ ሰው ጨርሶ ሸሸ። አዘጋጆቹ ከተሳፋሪው 60 በመቶው ቢቀር በቂ ነው ብለው ነበር፤ አውቶቡሶቹ ግን ከጥቁር ተሳፋሪ ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። በዚያው ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ከወጪው ጋር 14 ዶላር ተቀጡ።

ከሰዓት በኋላ መሪዎቹ ተሰብስበው የሞንትጎመሪ መሻሻል ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። በዚያ ስብሰባ አንዳንዶቹ ቀሳውስት ስማችን ለነጮቹ እንዳይታወቅ በምሥጢር እንሥራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በባቡር የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጅነት የሚተዳደሩ አንድ አንጋፋ የመብት ተሟጋች በዚህ ተቆጡ፤ እናንተ ዕድሜያችሁን ሙሉ በእነዚህ ልብስ አጣቢዎች ስጦታ ኖራችኋል፣ አሁን እነሱ ለመታሰር ሲዘጋጁ እናንተ ትደበቃላችሁ ወይ የሚል ይዘት ያለው ተግሣጽ ሰነዘሩ። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያም ወደ ከተማው ከመጡ ከአንድ ዓመት ትንሽ ያለፋቸው የ26 ዓመት ሰባኪ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፤ ከተመረጡባቸው ምክንያቶች አንዱ አዲስ በመሆናቸው ከየትኛውም ወገን ጋር ያልተቀያየሙ መሆናቸው ነው። ማታ በአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ ውጭ በድምፅ ማጉያ የሚያዳምጠውን ጨምሮ፣ ተሰብስቦ ብድግ በማለት አድማው እንዲቀጥል ወሰነ።

የቀረቡት ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ሾፌሮች በአክብሮት እንዲያስተናግዱ፣ ጥቁሮች ከኋላ ነጮች ከፊት ጀምረው የቀደመ ሁሉ እንዲቀመጥ፣ ጥቁሮች በብዛት በሚሳፈሩባቸው መስመሮች ጥቁር ሾፌሮች እንዲቀጠሩ። መለያየቱ ይቅር የሚል ጥያቄ አልነበረም። በዚያው በአላባማ በሞቢል ከተማ የነበረው አሠራር ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመስል ነበር። ከተማው ግን ይህንንም አልቀበልም አለ።

መጓጓዣው

የጉዳዩ ሁሉ ልብ እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት። ስብሰባና ንግግር ለአንድ ሳምንት ያቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሥራው ቦታ መድረስ አለበት። መጀመሪያ የጥቁሮች ታክሲዎች በአውቶቡስ ሂሳብ፣ በ10 ሳንቲም፣ ማጓጓዝ ጀመሩ። ከተማው ግን አነስተኛው የታክሲ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው የሚለውን ደንብ አስታውሶ ከለከለ። ማኅበሩ በ1953 በሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ከተማ ተመሳሳይ አድማ ያካሄዱትን ሰዎች ጠይቆ የጋራ መኪና አገልግሎት ዘረጋ። ወደ 300 የሚጠጉ የግል መኪናዎች፣ ከ40 በላይ የመሳፈሪያ ቦታዎች፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ ተቆጣጣሪና የነዳጅ ወጪ ሂሳብ ነበረው። ቀስ በቀስም አብያተ ክርስቲያናት በስማቸው ትልልቅ መኪናዎች ገዙ።

ይህ አገልግሎት ሰው ከማመላለስ ያለፈ ሥራ ሠራ። መኪና ያለው መምህርና ሐኪም በጠዋት ተነሥቶ ልብስ አጣቢዋን ከጎኑ አስቀምጦ ሲወስዳት፣ ከላይ የገለጽኩት ሁለተኛው ዓይነት ዝምታ፣ የምቾቱ ዝምታ፣ በስብከት ሳይሆን በመሪ ጨባጭነት ተሰበረ። አውቶቡስ ላይ የሚሆነውን ያላየው ሰው አሁን በየቀኑ ከኋላ ወንበር ሲነገር ይሰማል። አንዳንድ ነጭ እመቤቶችም ያለ ሠራተኛ መዋል ስላልቻሉ ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው በመኪና ማመላለስ ያዙ፤ ከንቲባው በዚህ በይፋ ቢያማርሩም የሰማቸው አልነበረም።

ገንዘቡ ከሩቅ ከተሞችና ከውጭም መጣ፤ ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የሰፈሩ ነው። ከሥራዋ የተባረረች አንዲት ምግብ አብሳይ ሌሎች ሴቶችን አስተባብራ ዶሮ፣ ሳንድዊችና ኬክ እያበሰለች ትሸጥና ገቢውን በሕዝባዊው ስብሰባ ላይ ታስረክብ ነበር። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ስም እንዳይታወቅ ለቡድኑ «ከየትም ያልመጣ ክበብ» የሚል ዓይነት ስም አወጡለት፤ ከየት አመጣችሁት ተብለው ቢጠየቁ መልሱ ከየትም ነው። በእኛ አገር እድር ያሳደገው ሰው ይህን አሠራር ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ በየተራ በተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ይሰበሰቡ ነበር። ዝማሬና ጸሎት ነበረበት፤ ነገር ግን የትኛው መሳፈሪያ ቦታ እንደተለወጠና ምን ያህል ገንዘብ እንደገባም ይነገር ነበር። ሰው ብቻውን አለመሆኑን በወሬ ሳይሆን በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ይህ ነበር።

የተቃውሞው መልስና የፍርድ ቤቱ መንገድ

ከተማው መልሱን በደረጃ ሰጠ። በጃንዋሪ 1956 የማኅበሩ አባል ያልሆኑ ሦስት ቀሳውስትን አነጋግሮ አድማው በስምምነት አብቅቷል የሚል የሐሰት ዜና ለጋዜጣ ሰጠ። መሪዎቹ ቅዳሜ ሌሊት በየመጠጥ ቤቱ እየዞሩ፣ እሑድ ጠዋትም በየመድረኩ ዜናው ውሸት መሆኑን ስለተናገሩ ሰኞ ዕለት አውቶቡሶቹ እንደገና ባዶ ሆኑ። ከዚያ የጋራ መኪናዎቹን ሾፌሮች በትራፊክ ቅጣት ማስጨነቅ መጣ፤ ሊቀመንበሩ 25 ማይል በተፈቀደበት በ30 ነድተዋል ተብለው ታሰሩ። ጃንዋሪ 30 ቤታቸው ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

የተቃዋሚው ወገን ትልቁ ስህተት የመጣው በፌብሩዋሪ ነው። በ1921 የወጣ ፀረ አድማ ሕግ ተጠቅሶ 89 ያህል ሰዎች ተከሰሱ። የተከሰሱት ሰዎች ፖሊስ ቤታቸው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ለብሰው አምረው ራሳቸው ወደ ሸሪፉ ቢሮ ሄዱ፤ ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ያጨበጭብላቸው ነበር። ለዘመናት የማሰር ማስፈራሪያ ይሠራ የነበረው ሰዎች እስራትን እንደ ውርደት ስለሚያዩት ነው። ያን ቀን ስሙ በክስ ዝርዝሩ ውስጥ ያልተገኘ ሰው እንዴት ተረሳሁ ብሎ ያዝን ነበር።

በዚሁ መካከል በፌብሩዋሪ 1 ቀን ጠበቆቹ የመለያየት ሕጉን ራሱን የሚቃወም ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርበው ነበር። ከሳሾቹ አምስት ሴቶች ሲሆኑ አንዷ ወዲያው ራሷን አገለለች፤ ከቀሩት አራቱ ሁለቱ እነዚያ በ1955 ተትተው የታለፉት የ15ና የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። በጁን ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ፈረዱላቸው፤ በኖቬምበር 13 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። በዚያው ቀን የግዛቲቱ ፍርድ ቤት የጋራ መኪና አገልግሎቱን አግዶ ነበር፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከተማው እስኪደርስ ድረስ ሕዝቡ ለአምስት ሳምንት ያህል ያለ አገልግሎቱ ተንቀሳቀሰ። ዲሴምበር 21 ቀን 1956 ተሳፈሩ፤ ከዚያ በፊት በየቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ደርድረው፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ተሳዳቢ ተሳፋሪ ሆኖ እየተጫወተ፣ ሳይመልሱ መቀመጥን ተለማምደው ነበር።

የሠራው

መላመዱን የሰበረው ቁጣ ነው ብዬ አላምንም፤ ቁጣ በ1949ም በ1943ም ነበር። የሰበረው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲያስበው ትክክል የነበረውን ስሌት የለወጠው ዝግጅት ነው። በራሪውን ለማባዛት ማሽኑ የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ፣ ማን ለየትኛው ሰፈር እንደሚያድል በዚያ ሌሊት አልተፈለገም፤ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ጥያቄው ትንሽ መሆኑ ሕዝቡን አስገባ፤ ከተማው ትንሹን ጥያቄ እምቢ ማለቱ ደግሞ ሕዝቡን ወደ ትልቁ ጥያቄ ወሰደው። ከዚህ በላይ፣ ሰኞ ጠዋት ባዶ አውቶቡስ ማየት ማንም ሊሰጠው የማይችለውን ማስረጃ ሰጠ፤ ጎረቤቴም እንደ እኔ ያስብ ነበር ማለት ነው።

ያልሠራው

በድርድር የተገኘ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በኤፕሪል 1956 የአውቶቡስ ኩባንያው ራሱ ኪሳራው ከብዶት መለያየቱን አላስከብርም ሲል ከተማው በፍርድ ቤት አስገድዶ እንዲቀጥል አድርጓል፤ እንግዲህ በደሉ ከገንዘብ ብቻ የመነጨ አልነበረም፣ የኢኮኖሚ ጫናም ብቻውን አይበቃም ነበር። አድማው ሕዝቡን አቆመ፣ ሕጉን የለወጠው ግን ክሱ ነው፤ ሁለቱ ባይደጋገፉ አንዱም የሚሳካ አይመስለኝም።

ድሉም ሰላም አላመጣም። ከተሳፈሩ በኋላ በአውቶቡሶች ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እግሮቿን ተመታች። በጃንዋሪ 10 ቀን 1957 አራት አብያተ ክርስቲያናትና የሁለት ቀሳውስት ቤት በቦምብ ተመቱ። ልብስ ሰፊዋ ሥራቸውን አጥተው በ1957 ወደ ዲትሮይት ተሰደዱ። በ1959 ከተማው መናፈሻዎቹን ለጥቁሮች ከመክፈት መዝጋትን መረጠ። የአንድ በደል መሰበር ሌሎቹን ይዞ አይወድቅም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

በአካባቢው ያለውን በደል ሰው ሁሉ ለምዶታል ብሎ የሚያዝን ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይመስለኛል፤ ዝም ያለው ሰው ብቻውን ቢናገር ምን ያጣል? መልሱ ዳቦውን የሚል ከሆነ የሚያስፈልገው ምክር አይደለም፤ ሲናገር ዳቦውን የሚያካክስለት ሰው ነው። የሞንትጎመሪ ሰዎች ለተባረሩት ያበስሉ፣ ለተከሰሱት ዋስ ይሆኑ፣ ለእግረኞቹ መኪና ያሰማሩ ነበር። የመኪናዎቹ መድን በአገር ውስጥ ሲሰረዝባቸው ሎይድስ ከተባለው የለንደን የመድን ገበያ አስገቡ። ይህ ተራ ወረቀት የማገላበጥ ሥራ ነው፤ ባይሠራ ኖሮ ግን መኪናዎቹ ይቆሙ ነበር።

ሁለተኛው ነገር በደልን መጻፍ ነው። ቀኑን፣ መስመሩን፣ የሾፌሩን ሁኔታ መመዝገብ ለዓመታት ፍሬ የሌለው መስሎ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን ክርክሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ ተገኘ። ሰሚ ባይኖርም መዝግቦ ማስቀመጥን እንደ ከንቱ ሥራ የሚያይ ሰው ይህን ጉዳይ ደግሞ ደጋግሞ ቢያየው ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የማይመች ነው። መሪዎቹ ለሕዝብ የሚታየውን ሰው መርጠው አወጡ፤ ጨዋ፣ የተከበሩ፣ ጎልማሳ ሴትን። የ15 ዓመቷ ልጅ ግን ድሀ፣ ቁጡ ናት ተብላ፣ ኋላም ፀንሳለች ተብላ ወደ ጎን ተተወች። በስልት ዓይን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የነጮቹ ጋዜጦች ምን ሊሉ እንደሚችሉ ለመገመት አይከብድም። ሆኖም በደልን የሚታገል እንቅስቃሴ ራሱ የተበዳዩን ክብር በመልክና በኑሮ ደረጃ ሲመዝን፣ የሚታገለውን ነገር ትንሽ ቅጂ በቤቱ ውስጥ እያስቀመጠ ነው። ሕጉን ያፈረሰው ክስ የቆመው በዚህችው ልጅ ምስክርነት ጭምር መሆኑ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያከብደዋል። በ1955 በስሟ ላይ የተመዘገበውን የጥፋተኝነት ውሳኔ ፍርድ ቤት የሰረዘላት በ2021 ነው፤ የ82 ዓመት አሮጊት ሆነው ነበር።